ጨጓራው ተበስቶ ሲከፈት ካንሰር የሚመስል ቁስል ቢገኝ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ምን ይደረጋል?

የድንገተኛ_ቀዶ_ኦፊሰር

ሰላም ባልደረቦች። ጥያቄዬ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የምንሠራውን ሁሉ የሚመለከት ይመስለኛል። ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ፣ ለዓመታት «ጨጓራ ነው» እየተባለ ኦሜፕራዞል ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ሲውጥ የኖረ፣ በቅርብ ወራት የከሳ ሰው በድንገተኛ የሆድ ሕመም ይመጣል። ሆዱ ደርቋል፤ ራጁ ላይ ከዲያፍራም በታች አየር አለ። ተከፍቶ ሲታይ ቀዳዳው እንደተለመደው ዶዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ላይ አይደለም። ጨጓራው ላይ ነው፤ ጠርዙ ወፍራምና ጠንካራ፣ ዙሪያው ያበጡ ንፍፊቶች።

እኛ ጋ ሲቲ ስካን የለም፣ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ቱቦ ማየት) የለም፣ ፓቶሎጂስት የለም፣ ከደም ባንክ የሚገኘውም ቢበዛ 2 ከረጢት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ደፍኖ መውጣት ይሻላል ወይስ ቆርጦ ማውጣት? ናሙናው ከየት፣ ስንት፣ በምን ይወሰዳል? ጨጓራው ሳይበሳ ታማሚው ደም እያስታወከ ወይም የጨጓራው መውጫ ተዘግቶ ቢመጣስ፣ አካሄዱ ያው ነው?

ጠቅላላ_ቀዶ_ሐኪም

በዚያች ሌሊት ታማሚውን የሚገድለው ካንሰሩ አይደለም። የሚገድለው ሆዱ ውስጥ የፈሰሰው የጨጓራ ይዘትና እሱ የሚያመጣው ሴፕሲስ (መላ አካልን የሚያናጋ ኢንፌክሽን) ነው። ስለዚህ የምትሠራው ለፔሪቶናይተሱ (ለሆድ ዕቃ ሽፋኑ ብግነት) ነው፤ የካንሰሩ ኦፕሬሽን ሌላ ቀን፣ ሌላ ዝግጅት፣ ምናልባትም ሌላ ሆስፒታል ይፈልጋል። በሁለት ደረጃ መሥራት የሚባለው ይኸው ነው፤ አንተ ባለህበት ሁኔታ ደግሞ ከሁሉም የሚመረጠው መንገድ ነው።

ምክንያቱ የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የቆየ ተራ የጨጓራ ቁስልም ጠርዙ ይጠነክራል፤ ንፍፊቶችም ከብግነት የተነሳ ያብጣሉ። በእጅ ዳስሶ «ይህ ካንሰር ነው» ማለት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ «ካንሰር አይደለም» ማለትም እንደዚያው። በእጅህ ስሜት ብቻ ተመርተህ የአንድን ሰው ጨጓራ ሙሉ በሙሉ ማውጣት አትችልም። በዚያ ላይ መግል በበዛበት ሆድና የደም ግፊቱ በወረደ ሰው ላይ የተሰፋ መጋጠሚያ የመልቀቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ከመክፈትህ በፊት ስለ ሪፈር ላንሳ። በዴንማርክ የተበሳ የጨጓራና የዶዲነም ቁስል ባለባቸው ታማሚዎች ላይ የተሠራ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ኦፕሬሽኑ በዘገየ በእያንዳንዱ ሰዓት የመትረፍ ዕድል በ2.4 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ መድፈን የምትችል ከሆነ «ካንሰር ሊሆን ይችላል» ብለህ ሳትከፍተው ለረጅም ጉዞ አትላከው። ራጁ ላይ አየር አለመታየቱም አያዘናጋህ። ከተበሳባቸው ሰዎች ሩብ ያህሉ ላይ አየር አይታይም። ታማሚውን 10 ደቂቃ ያህል ቁጭ አድርገህ ማንሳት፣ መቀመጥ ካልቻለም በግራ ጎኑ አስተኝተህ ማንሳት ይረዳል።

ስትከፍት መሃል ለመሃል ግባ። ፈሳሹን ምጠህ ቀዳዳውን ፈልግ። ዶዲነሙና የጨጓራው ፊት ደህና ከሆኑ፣ በጨጓራውና በትልቁ አንጀት መካከል ያለውን ኦሜንተም (የሆድ ዕቃ የስብ መጋረጃ) ከፍተህ የጨጓራውን ጀርባ እይ። የጀርባ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ይህ ስለሚዘለል ነው። ቀዳዳውን ካገኘህ በኋላ ታማሚው ከፈቀደልህ 3 ደቂቃ ወስደህ ዳስስ፦ ጉበቱን ሁለቱንም ወገን፣ ፔሪቶኒየሙን፣ ዳሌውን፣ በሴት ኦቫሪዎቹን፣ ዕጢው ቆሽት ላይ ተጣብቆ እንደሆነ ወይም ይንቀሳቀስ እንደሆነ። ያየኸውን ሁሉ በሴንቲ ሜትር ጻፍ። ቀጣዩ ቀዶ ሐኪም ሆዱን እስኪከፍት ድረስ ያለው የዓይን ምስክር አንተ ብቻ ነህ።

ወደ መድፈኑ ስንመጣ፣ የተበላ ጠርዝን ገጥመህ ለማሰር አትሞክር፤ ክሩ ሥጋውን ይቆርጠዋል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። ከጠርዙ 1 ሴ.ሜ ያህል ርቀህ፣ ደህናው ግድግዳ ላይ፣ ሙሉ ውፍረቱን በሚይዝ ስፌት 3 ወይም 4 ክር አስቀምጥ፤ 2-0 ቪክሪል ይበቃል። ደም ያለውን የኦሜንተም ቁራጭ ከክሮቹ ሥር አስገብተህ በላዩ ላይ ሳታጠብቅ እሰር። የታነቀ ኦሜንተም ይሞታል፤ ከ3 ወይም 4 ቀን በኋላም ይለቃል። ከዚያ በኤንጂ ቱቦ (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ በሚገባው ቱቦ) አየር አስገብተህ፣ አካባቢውን በጨው ውሃ ሸፍነህ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ተመልከት።

ቀዳዳው ከ2 ሴ.ሜ ያነሰ ሆኖ የጨጓራው ፊት ወይም ትልቁ ኩርባ ላይ ከሆነ፣ ቁስሉን ከነጠርዙ ቆርጠህ አውጥተህ በሁለት ድርብ መስፋት ከመድፈን ይሻላል፤ ጥገናውም ናሙናውም በአንድ ጊዜ ይገኛል። ፒሎረስ (የጨጓራው መውጫ) አጠገብ ወይም የምግብ ቧንቧ መግቢያ አካባቢ ግን ይህን አታድርግ፤ መተላለፊያው ይጠብባል። እዚያ ናሙና ወስደህ ድፈን።

ሆዱን በ4 እስከ 6 ሊትር ሞቅ ባለ የጨው ውሃ እጠብ፤ ከሁለቱም ዲያፍራም ሥርና ከዳሌ እስኪጠራ ድረስ። ካንሰር በተጠረጠረበት ቀዳዳ አጠገብ ድሬን (ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ) ባስቀምጥ እመርጣለሁ፤ የመልቀቁ ዕድል ከተራ ቁስል ስለሚበልጥ።

ማደንዘዣ_ባለሙያ

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚሠራው ታማሚው ለማደንዘዣ ሲዘጋጅ ነው። ዝግጅቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቢወስድ ይገባዋል፤ ግማሽ ቀን ከሆነ ግን ዝግጅት መሆኑ ቀርቷል።

ሁለት ሰፊ ካኑላ፣ 16 ወይም 18 ጌጅ። ፈሳሽ በ500 ሚ.ሊ. እየሰጣችሁ በየጊዜው ገምግሙ፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እስከ 30 ሚ.ሊ. በኪሎ ይፈልጋሉ። የሽንት ካቴተር የግድ ነው፤ በሰዓት 0.5 ሚ.ሊ. በኪሎ ሽንት እስኪወርድ ድረስ ታማሚው ፈሳሹ ደርሶታል አንልም። ሴፍትሪያክሶን 2 ግራምና ሜትሮኒዳዞል 500 ሚ.ግ. በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይሰጡ፤ ኦሜፕራዞል ወይም ፓንቶፕራዞል በደም ሥር። ሕመሙንም አስታግሱ። «ማስታገሻ ምርመራውን ይሸፍናል» የሚለው ሰበብ ራጁ ላይ አየር ከታየ በኋላ አይሠራም።

ጀርባ ላይ በሚወጋ ማደንዘዣ ለመሥራት አትፈተኑ። ፔሪቶናይተስ ያለበት ሰው ደም ሥሮቹ ቀድመው ተከፍተዋል፤ ስፓይናል ሲጨመርበት ግፊቱ ይወድቃል። ጨጓራውን በኤንጂ ቱቦ ባዶ አድርጋችሁ፣ መምጠጫው በእጅ ሆኖ፣ ማስተኛውን ኬታሚን በተቀነሰ መጠን፣ ማለትም ከ0.5 እስከ 1 ሚ.ግ. በኪሎ፣ ከዚያ ጡንቻ ማዝናኛውን ሳክሳሜቶኒየም 1 እስከ 1.5 ሚ.ግ. በኪሎ፣ ከዚያ በፍጥነት ቱቦ። ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ሳክሳሜቶኒየም አደጋ ስላለው ውጤቱን አስቀድሙ። ፈሳሽ ተሰጥቶም አማካይ ግፊቱ ከ65 በታች ከቀረ የአድሬናሊን ጠብታ ጀምሩ፤ ኖርአድሬናሊን ካለ እሱ ይመረጣል።

አንድ ነገር ለቀዶ ሐኪሞቹ፦ ማጠቢያው የጨው ውሃ ቀዝቃዛ ከሆነ 6 ሊትሩ ታማሚውን ያበርደዋል፤ የበረደ ደም ደግሞ አይረጋም። ገና ሆዱ ሳይከፈት ውሃው እንዲሞቅ እዘዙ።

ፓቶሎጂ_ላብራቶሪ

የናሙናውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው፤ ከሩቅ ሆስፒታል የሚመጡ ናሙናዎች የሚበላሹት በብዛት በተመሳሳይ ምክንያቶች ነው።

ከቁስሉ መሃል ከወሰድክ የሚደርሰን የሞተ ሥጋ ብቻ ነው። ከቀዳዳው ጠርዝ፣ ከአራቱም አቅጣጫ፣ ሙሉ ውፍረቱን የያዘ ቢያንስ 4 ቁራጭ ውሰድ፤ እያንዳንዱ 5 ሚ.ሜ ያህል። በቢላ ቁረጥ። በኤሌክትሪክ ማቃጠያ የተቆረጠና በፎርሴፕስ የተጨፈለቀ ሕዋስ አይነበብም። የተጠረጠረ ንፍፊት ወይም ኦሜንተም ላይ ያለ እብጠት ካለ በሌላ ዕቃ ለብቻው ላክ፤ የበሽታውን ደረጃ የሚለውጥ መረጃ ነው።

ከመጋዘን የሚመጣው ፎርማሊን አብዛኛውን ጊዜ ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ነው፤ እንዳለ አይጨመርም። 1 እጅ ፎርማሊን ከ9 እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። መጠኑ የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን፤ ናሙናው በቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ቱና ተጨናንቆ ከመጣ መሃሉ በስብሷል ማለት ነው። በጨው ውሃ ውስጥ የተላከ ናሙና ሁለት ቀን መንገድ ላይ ካደረ ማንበብ አይቻልም። ፎርማሊን ጭራሽ ካልተገኘ 70 በመቶ አልኮል ከጨው ውሃ እጅግ ይሻላል። ለሄር-2 (የካንሰሩን መድኃኒት ለመምረጥ የሚታይ ፕሮቲን) ምርመራ የሚመቸው በፎርማሊን ከ6 እስከ 72 ሰዓት የቆየ ናሙና ነው፤ መጓጓዣው ከዚያ የሚዘገይ ከሆነ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ወደ 70 በመቶ አልኮል አዛውሩት።

የታማሚውን ስምና የካርድ ቁጥር ዕቃው አካል ላይ ጻፉ፤ ክዳን ይቀያየራል። በመጠየቂያው ወረቀት ላይ «የጨጓራ ቁስል» ብቻ ከመጻፍ ቦታውን፣ የቀዳዳውን ስፋት፣ ታማሚው ኦሜፕራዞል ለምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ ጨምሩ።

ውጤቱ «ካንሰር አልታየም» ቢል ነገሩ አላለቀም። ብግነት የበዛበት ጠርዝ ላይ ካንሰሩ ሊሸፈን ይችላል፤ በግድግዳው ውስጥ ተሰራጭቶ የሚያድገው ዓይነት ደግሞ ላይ ላዩን በተወሰደ ናሙና ያመልጣል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ኢንዶስኮፒ የግድ ነው። በኢንዶስኮፒ ሲወሰድም ከ6 ያላነሰ ቁራጭ ይሁን፤ ቁስሉ ቢድንም ከጠባሳው ላይ ይወሰድ፤ የካንሰር ቁስል በኦሜፕራዞል ለጊዜው ሊሽር ይችላልና። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው ሰዎች ሕመሙ ስለተሻላቸው ብቻ ከቀጠሮ ስለሚቀሩ ነው።

የድንገተኛ_ቀዶ_ኦፊሰር

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ጠቅላላ_ቀዶ_ሐኪም ያልከው የኦሜንተም አደፋፈን ግልጽ ነው። ግን ቀዳዳው 3 ሴ.ሜ ሆኖ ክሩ የሚይዘው ደህና ግድግዳ ከጠፋ፣ ኦሜንተሙም የተጨማደደ ከሆነ ምን ቀረን?

ካንሰር_ቀዶ

እዚህ ጋ ከጠቅላላ_ቀዶ_ሐኪም ጋር በጥቂቱ እለያያለሁ። ታማሚው የተረጋጋ ከሆነ፣ ከተበሳ ጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነው፣ ዕጢው አንትረም (የጨጓራው የታችኛው ክፍል) ላይ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ከሆነና በክፍሉ ውስጥ ጨጓራ መቁረጥ የለመደ ሰው ካለ፣ በዚያው ሌሊት የታችኛውን የጨጓራ ክፍል ማውጣት ትክክል ነው። ትልቅ ቀዳዳን ከመድፈን መቁረጥ አስተማማኝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን አራቱም መሟላት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ አይሞከርም። ሙሉ ጨጓራ ማውጣትን ደግሞ በሴፕሲስ ውስጥ ላለ ሰው በፍጹም አልመክርም።

በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ቀዳዳው ትልቅ ሆኖ የሚደፈንበት ካልተገኘ፣ ግቡ ፍሳሹን መቆጣጠር ነው። ሰፊ የፎሊ ካቴተር (ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ቱቦ) በቀዳዳው ውስጥ አስገብተህ ፊኛውን በቀስታ ሙላ፤ ካቴተሩን በሆድ ግድግዳ አውጥተህ ጨጓራውን ወደ ግድግዳው አስጠጋና ኦሜንተሙን ዙሪያውን ጠቅልል። ከጉበት ሥርና ከጨጓራው ጀርባ ድሬን አኑር። ከዚያ ከትሪትዝ ጅማት (ዶዲነም ከሚያልቅበት) 20 እስከ 30 ሴ.ሜ ርቀህ ጀጁነም (ከዶዲነም ቀጥሎ ያለው ትንሹ አንጀት) ላይ የመመገቢያ ቱቦ አስገባ፤ 12 ወይም 14 ፍሬንች ይበቃል። ያለ እሱ ታማሚው ለሳምንታት የሚበላበት መንገድ አይኖረውም። ቀዶ ሕክምናው የሚያምር አይደለም፤ ታማሚውን ግን ሪፈር ሆስፒታል ድረስ በሕይወት ያደርሰዋል።

አሁን ስለ ደም መፍሰስ። ተራ ቁስል የሚደማው ብዙ ጊዜ ከአንድ ከተበላ ደም ሥር ነው፤ ካንሰር ግን ከሰፊ፣ በቀላሉ ከሚፈረፈር ገጽ ያዥረዋል። በኢንዶስኮፒ መርፌ ወይም ክሊፕ ቢቆምም ተመልሶ የሚደማው ለዚህ ነው። ሂሞግሎቢኑ ከ7 ሲወርድ ደም ስጥ፤ ከ7 እስከ 9 መካከል ማቆየት ይበቃል፤ የልብ ሕመም ካለበት ከ8 አታውርደው። ትራኔክሳሚክ አሲድ በዘልማድ ይሰጣል፤ በ2020 የወጣው ሃልት-አይቲ የተባለው ሰፊ ጥናት ግን በምግብ ቧንቧና በአንጀት ደም መፍሰስ ሞት እንደማይቀንስ፣ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን እንደሚጨምር አሳይቷል። አትተማመንበት።

እጅህ ላይ 2 ከረጢት ደም ብቻ ካለ፣ ሪፈር የምትልከው ሁለተኛው ከረጢት ከማለቁ በፊት ነው። ከተበሳው ታማሚ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የተበሳውን አንተው ትሠራዋለህ፣ የሚደማው ግን ኢንዶስኮፒና ደም ያለበት ቦታ ቶሎ መድረስ አለበት። መንገድ ላይ ሁለት መስመር ክፍት ይሁን፣ ደሙ አብሮት ይሂድ፣ ነርስ አብራ ትሂድ። ለመንገድ የማይበቃ ከሆነና ግፊቱ አልቆም ካለ፣ ጨጓራውን ከፍተህ የሚደማውን ቦታ በ2-0 ክር ከሥሩ ስፋ፤ ከጠርዙ ናሙና ውሰድና ዝጋ። በዝግታ ለሚያዥር፣ ሊቆረጥ ለማይችል ዕጢ ጨረር ጥሩ መልስ አለው። በአንድ ጊዜ 8 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ወይም በ5 ቀን 20 ግሬይ ይሰጣል። ወደ ጥቁር አንበሳ የምትልከው ታማሚ ካለህ ይህን ምርጫ በወረቀቱ ላይ ጥቀስ።

መውጫው የተዘጋበት ታማሚ ግን ሌሊት የሚሠራ አይደለም። ከትናንት በስቲያ የበላውን ሳይፈጭ፣ ሐሞት የሌለበት አድርጎ ያስታውካል፤ ሆዱን ስታናውጠው ውሃ ይንቦጫረቃል። ከሆዱ የወጣው አሲድና ክሎራይድ ስለሆነ ደሙ አልካሊ ይሆናል፣ ፖታሲየሙም ይወርዳል። የሚሰጠው 0.9 በመቶ ኖርማል ሳላይን ነው፤ ሪንገር ላክቴት አይደለም። ላክቴቱ ጉበት ውስጥ ወደ ባይካርቦኔት ስለሚለወጥ አልካሊውን ያባብሳል። ሽንት መውረድ ሲጀምር በየሊትሩ ከ20 እስከ 40 ሚሊሞል ፖታሲየም ክሎራይድ ጨምር፤ በእጅ ደም ሥር በሰዓት ከ10 ሚሊሞል አይለፍ። ግሉኮስ ከመስጠትህ በፊት ታያሚን ቢያንስ 100 ሚ.ግ. በደም ሥር ስጥ። ለሳምንታት ያልበላ ሰው ያለ ታያሚን ግሉኮስ ሲያገኝ አእምሮው ይጎዳል። ሰፊ ኤንጂ ቱቦ፣ ቢያንስ 18 ፍሬንች፣ ጨጓራው እስኪጠራ ድረስ እጠብበት። ምግብ ስትጀምር በቀን 10 ኪሎ ካሎሪ በኪሎ ያህል ጀምረህ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም እየለካህ ቀስ ብለህ ጨምር።

ይህ ከ3 እስከ 5 ቀን ይወስዳል፤ ያ ጊዜ ኢንዶስኮፒና ናሙና የሚገኝበትም ጊዜ ነው። ዕጢው የማይወጣ ከሆነ የሚሠራው ጋስትሮጀጁኖስቶሚ (ጨጓራን ከጀጁነም ጋር ማገናኘት) ከትልቁ አንጀት ፊት ለፊት ያለፈ፣ ከዕጢው 5 ሴ.ሜ ያህል የራቀ፣ ስፋቱ ከ5 እስከ 6 ሴ.ሜ የሆነ ይሁን። ዕጢው አጠገብ የተሠራ መተላለፊያ ከወራት በኋላ ራሱ ይዘጋል። የቬገስ ነርቭ መቁረጥ ለቁስል ነው፤ እዚህ ቦታ የለውም። መተላለፊያው ሥራውን እስኪጀምር 1 ወይም 2 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ስላስታወከ ብቻ ተቻኩላችሁ ድጋሚ አትክፈቱ።

ጠቅላላ_ቀዶ_ሐኪም

የካንሰር_ቀዶን አራት ቅድመ ሁኔታዎች እቀበላለሁ። በተግባር አራቱም በአንድ ሌሊት የሚገጥሙት ሪፈር ሆስፒታል ውስጥ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ብዙ ሪፈር ወረቀቶች ላይ «የተበሳ የጨጓራ ካንሰር፣ የማይወጣ» ተብሎ ተጽፎ ይታያል። መበሳቱ ብቻውን በሽታው ከመዳን አልፏል ማለት አይደለም። የጨጓራውን የውጭ ሽፋን አልፎ ከሆነ ደረጃው ቲ4ኤ (የዕጢው ጥልቀት መለያ) ነው፤ ይህም ሌላ አካል ውስጥ ካልተሰራጨ ኬሞቴራፒ ተሰጥቶ፣ ዕጢው ከነንፍፊቶቹ ወጥቶ ለመዳን ሊሞከር የሚችል በሽታ ነው። ያንን ቃል የጻፈ ሰው ታማሚውን በቀጣዩ ሆስፒታል በር ላይ ተስፋ ያስቆርጠዋል። ያየኸውን ጻፍ፣ ፍርዱን ለሲቲ ስካኑና ለቡድኑ ተው።

የድንገተኛ_ቀዶ_ኦፊሰር

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ይላል። ናሙናው ገና ሳይታወቅ ምን ይባላል?

ካንሰር_ቀዶ

እውነቱን፣ የምታውቀውን ያህል። «ጨጓራህ ተበስቶ ነበር፤ ደፍነነዋል። ቁስሉ የምንጠራጠረው ዓይነት ስለሆነ ቁራጭ ወስደን ልከናል፤ ውጤቱ ሳይታወቅ ሕክምናው አያልቅም» በለው። ካንሰር ነው አላልክም፣ አይደለምም አላልክም። ቤተሰቡ ደብቁ ቢል አስቀድመህ ታማሚውን ራሱን ማወቅ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቀው፤ ውሳኔው የእሱ ነው። ካልነገርከው ለምን አዲስ አበባ ድረስ እንደሚሄድ አይገባውም፤ ሕመሙ ሲሻለው አይሄድም።

ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት ላይ የናሙናው ቁጥር፣ የተላከበት ላብራቶሪ፣ የኦፕሬሽኑ ዝርዝር፣ ኢንዶስኮፒው የሚደረግበት ቀን ይጻፍ። የታማሚውንና የአንድ ቅርብ ዘመዱን ስልክ በኦፕሬሽን ክፍሉ መዝገብ ላይ አስፍር፤ ውጤቱ ሲመጣ ማን እንደሚደውል በስም ይመደብ። ኤች ፓይሎሪ ካለ የ14 ቀን ሕክምናው ይሰጠው፤ ያ ግን የኢንዶስኮፒውን ቀጠሮ አይተካም።